የሰሜን ተራራዎች አቀማመጥና የድንበርነታቸው ታሪክ



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዳችን ስለ አገራችን አንድ ነገር መርምረን እንድናቀርብ በጠየቁን ጊዜ፥ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን የጎንደርን ግንቦች መረጡ። ግንቦቹ በእውነቱ ሊጻፍላቸው የሚገባ ናቸው። እኛ ግን ከእነርሱ በፊት የነበረውን፥ የሰው እጅ ያልሠራውን ሌላ ግንብ፥ ማለት የሰሜንን ተራራ መረጥን።

በልጅነታችን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በክፍላችን ግድግዳ ላይ የአልፕስ ተራራዎች ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። የሞን ብላን ተራራ ከፍታ 4,800 ሜትር ያህል መሆኑን በቃላችን አጥንተን ሳንሳሳት እንመልስ ነበር። በአውቶቡስ የጥቂት ሰዓት መንገድ ብቻ ስለሚርቀን ስለ ሰሜን ግን ራስ ደጀን ከሚለው ስም በቀር የምናውቀው ነገር አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ወደ ደባርቅ በተቃረበ ጊዜ፥ ከዚያ አገር የሸሹ ሰዎች ወደ ከተማችን መጡ። ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ሠፈር ተቀመጥን፥ ኳስም ተጫወትን። ያን ጊዜ ዛሪማ፥ አዲ አርቃይ፥ ላማልሞ የሚባሉትን ስሞች ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ ሰማን። ትልልቆቹ ሰዎችም ሲነጋገሩ «ተራራው ድንበራችን ነው» የሚለውን ቃል ደጋግመው ሲናገሩ እንሰማ ነበር።

ይህ ቃል በልባችን ቀርቶ ጥያቄ ሆነብን። ተራራ ድንበር ነውን? ድንበርስ ከሆነ ማንን ከማን ይለያል? መልሱን ለማግኘት ያነበብነውንና የሰማነውን እንደሚከተለው በአጭሩ እናቀርባለን።

1ኛ. የተራራው አቀማመጥ

የሰሜን ተራራዎች ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይገኛሉ። ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ደጋ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፥ ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ሳንቃ በር፥ ከዚያም ግጭ፥ ቀጥሎም ጨነቅ ይገኛሉ። ከጨነቅ በላይ 4,430 ሜትር የሚደርሰው ቧሂት ይቆማል። ከቧሂት ማዶ የመሸሃ ወንዝ ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ ሸለቆውን ወርዶ እንደገና የወጣ ሰው በበየዳ ወረዳ የሚገኘውን ራስ ደጀንን ያገኛል። ወላጆቻችን በተማሩበት መጽሐፍ የራስ ደጀን ከፍታ 4,620 ሜትር ተብሎ ተጽፎ ነበር። በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲለካ ግን 4,533 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ቢሆንም በኢትዮጵያ ውስጥ የሚበልጠው ተራራ የለም።

እንግዲህ ይህ ሰንሰለት ከሂማላያ ወይም ከአልፕስ ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ትንሽ ነው፤ ጠንካራ እግረኛ ከደባርቅ ራስ ደጀን በጥቂት ቀን ይደርሳል። ትልቅነቱ በስፋቱ ሳይሆን በገደሉ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የሰሜን ተራራ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከመሬት ሆድ የወጣ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ንብር በንብር እየተደራረበ የቆመ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝናብና ወንዝ ከጎኑ እየቦረቦሩ ጠርዙን እንደ ቢላዋ ስለት አድርገውታል። በሰሜኑ ጠርዝ ገደሉ በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ቁልቁል ይወርዳል።

ተከዜ ከላስታ አካባቢ ይነሣና ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ታጥፎ ተራራውን በምሥራቅና በሰሜን በኩል እንደ መቀነት ይዞረዋል። ከዚያም ወደ ሱዳን ወርዶ አትባራ ከሚባለው ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በሰሜን ተራራ ላይ የወደቀው የዝናብ ውሃ በመጨረሻው ግብፅ ይደርሳል ማለት ነው።

አንባቢ ሁሉ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር ይህ ነው። ከጎንደር በኩል በወገራ ለሚመጣ መንገደኛ ሰሜን የደጋው ቀጣይ ነው፤ እያረሰና እያገደ ከሚኖር ሕዝብ ወደ ሌላ ከሚያርስና ከሚያግድ ሕዝብ ይሻገራል። ከተከዜ በኩል ለሚመጣ ግን ሰሜን ፊት ለፊት የቆመ ግድግዳ ነው። እንግዲህ አንዱ ተራራ ለአንዱ ሜዳ፥ ለሌላው ቅጥር ሆነ። ስሙም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ከጎንደር ለሚያየው ሰው በሰሜን በኩል ስለሚገኝ ስሙ የተስማማው ይመስላል፤ ከአክሱም ለሚያየው ግን ያው ተራራ በደቡብ በኩል ነው።

በላይኛው ደጋ ውርጭና በረዶ ስላለ የሚዘራው በብዛት ገብስ ነው፤ በግም ይረባል። ከዚያ በላይ አስታና ጓሳ፥ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጅብራም ይበቅላሉ። ከገደሉ በታች በቆላው ማሽላና ሰሊጥ ይዘራል። የደጋው ሰው ያለ ቆላው እህል፥ የቆላውም ሰው ያለ ደጋው ገብስና በግ መኖር ስለማይመቸው፥ ሁለቱ ከጥንት ጀምሮ በገበያ ይገናኛሉ። በገደሉ ላይ ደግሞ በዓለም ሌላ የትም የማይገኘው ዋልያ ይኖራል፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም አብረውት ይገኛሉ።

2ኛ. በአክሱም ዘመን

ስለ ሰሜን የተጻፈው እጅግ ጥንታዊ ነገር በአዱሊስ ወደብ በድንጋይ ዙፋን ላይ በግሪክ ቋንቋ ተቀርጾ የነበረው ጽሕፈት ነው። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ ድል ያደረጋቸውን ሕዝቦች ሲቆጥር፥ ከወንዙ ማዶ በበረዶ በተሸፈኑና መግቢያ በሌላቸው ተራራዎች የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች አብሮ ይጠራል። በረዶውም የሰውን እግር እስከ ጉልበት ድረስ የሚውጥ መሆኑን ይናገራል። ወንዝ የተባለው ተከዜ መሆኑን ሊቃውንት ያምናሉ። ይህን ጽሕፈት በ6ኛው መቶ ዓመት፥ በአፄ ካሌብ ዘመን፥ ኮስማስ የሚባለው የግሪክ ነጋዴ ገልብጦ በመጽሐፉ ስላኖረልን ነው ዛሬ የምናውቀው፤ ዙፋኑ ራሱ ጠፍቷል። ኮስማስ የአክሱም ንጉሥ የፈረደባቸውን ሰዎች ወደዚያ ተራራ ያግዝ እንደ ነበረም ጨምሮ ጽፏል።

እንግዲህ ለአክሱም ሰዎች ሰሜን የአገር መጨረሻ፥ የግዞት ሥፍራ ነበር። ነገር ግን በዚያው በበረዶው መካከል የራሱ አገር፥ የራሱ ቤት ያለው ሕዝብ ይኖር እንደ ነበር ጽሕፈቱ ራሱ ይመሰክራል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊትም የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በዚሁ በሰሜን እንደ ሆነ ይነገራል። ንጉሥ እስረኛውን የሰደደበትን ሥፍራ ቅዱሱ ወዶ መረጠው ማለት ነው።

3ኛ. ቤተ እስራኤልና ነገሥታቱ

በመካከለኛው ዘመን ሰሜን የቤተ እስራኤል ምሽግ ሆነ። ከአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፥ ማለት ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፥ የክርስቲያን ነገሥታት ወደ ሰሜንና ወደ ወገራ ደጋግመው ጦር ልከዋል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሰሜን ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። በ1534 ዓ.ም. ክረምት በክሪስቶቮ ደ ጋማ የሚመራው የፖርቱጋል ጦር ከኢማሙ ወታደሮች አንድ አምባ ነጠቀ። እርሱ ራሱ በወፍላ ተሸንፎ ከተገደለ በኋላ የተረፉት ፖርቱጋሎች ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ወደዚያው አምባ ሸሹ። ወጣቱ አፄ ገላውዴዎስም መጥቶ ከእነርሱ ጋር ተገናኘ፤ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ግራኝን ድል ያደረገው ጦር የተሰባሰበው በዚህ ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ሰሜን የአገር ዳር መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት መጠጊያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሰላም አልሆነም። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቤተ እስራኤል አለቆች ላይ ሁለት ጊዜ ዘመቱ። የተራራው ሰዎች ከላይ ድንጋይ እያንከባለሉ የንጉሡን ጦር ይመልሱ ነበር። ዜና መዋዕሉ አንዲት የተማረከች ሴት ከማራኪዋ ጋር በገመድ ታስራ ስትሄድ እርሱን ይዛ ወደ ገደል እንደ ዘለለች ይተርካል። ይህን የጻፈው የጠላቷ ወገን ጸሐፊ ነው፤ እርሱም እንኳ ሳያደንቃት አላለፈም። ከዚህ በኋላ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ የሰሜኑ ገዢ ጌዴዎን ከብዙ ዓመት ጦርነት በኋላ ወድቆ፥ የቤተ እስራኤል የራስ ግዛት ፈረሰ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። የሱስንዮስ ልጅ አፄ ፋሲል በ1636 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጎንደርን ከተማው ባደረገ ጊዜ፥ ከአምባቸው የወረዱት ቤተ እስራኤሎች ግንበኞች፥ አናጢዎችና አንጥረኞች ሆነው ከተማዋን እንደ ሠሩ ይነገራል። ከጎንደር ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ በሸክላና በብረት ሥራ የታወቀች ሠፈራቸው ነበረች። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። እንግዲህ በዚህ መጽሔት ስለ ግንቦቹ የጻፉት ጓደኞቻችንና እኛ የጻፍነው ታሪክ ሁለት አይደለም። የተራራው ምሽግ ሰዎች የከተማው ግንብ ሠሪዎች ሆነዋልና።

4ኛ. የላማልሞ በር

ጎንደር ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ በተራራው ጠርዝ ላይ ያለው የላማልሞ መውጫ የአገሪቱ ታላቅ በር ሆነ። ከምፅዋ የሚነሣው የነጋዴ መንገድ በትግራይ አልፎ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ በላማልሞ ወደ ደጋው ይወጣና በወገራ ጎንደር ይገባል። አሞሌ ጨው፥ ጨርቅና ጠመንጃ በዚህ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ወርቅ፥ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና፥ በሐዘን የምንጽፈው ነገር ነው፥ ባሪያም በዚህ ወደ ታች ይወርድ ነበር። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በየካቲት ወር 1762 ዓ.ም. በዚሁ አቀበት ወጥቶ ጎንደር ገባ፤ በላማልሞም ከቀረጥ ተቀባዮች ጋር ተገናኝቷል።

እኛም አንድ ጊዜ በበጋ ወራት ከአንድ ጓደኛችን ቤተሰብ ጋር እስከ ደባርቅ ተጉዘን በላማልሞ አፋፍ ላይ ቆመን ነበር። ከእግራችን በታች የኢጣልያኖቹ መንገድ እንደ ተጣለ ገመድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ አምባዎቹ ብቻ እንደ ደሴት ይታያሉ። ከእኛ ጋር የነበሩት የጓደኛችን አያት በጉልምስናቸው በበቅሎ እህልና ጨው ይነግዱ የነበሩ ሰው ናቸው።

«አባባ፥ ድንበሩ የቱ ጋ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

እርሳቸውም በከዘራቸው ወደ ታች እያመለከቱ፥ «ልጆቼ፥ እኔ በዚህ አቀበት ስንት ዓመት ስወጣና ስወርድ ድንበር የሚባል አላየሁም፤ ኬላ ነው ያየሁ። ከታች ያለው ሰው አማርኛም ትግርኛም ይናገራል። ገብስ ይዤ ስወርድ ያሳድረኛል፥ ማሽላ ይዞ ሲወጣ አሳድረዋለሁ። ሰው በገበያ ቀን ዘመድ ነው፤ ድንበር የሚሆነው በወሬ ቀን ነው» አሉን።

በዚያን ጊዜ ነገሩን አላስተዋልነውም ነበር። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ግን ካነበብናቸው መጻሕፍት ይልቅ የእርሳቸው ቃል እየታወሰ ያስቸግረን ነበር።

5ኛ. ደጃዝማች ውቤና ደረስጌ

በዘመነ መሳፍንት ሰሜን የራሱ ባላባቶች ነበሩት። ከሁሉም የገነነው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው። ውቤ የሰሜን ጌታ ሆኖ ሳለ፥ በ1823 ዓ.ም. የትግራዩ ደጃዝማች ሱባጋዲስ ድል ከሆነ በኋላ ከተከዜ ማዶ ያለውንም አገር ጨምሮ ያዘ። በእርሱ ዘመን ተከዜ ድንበር አልነበረም፤ በአንድ ሰው ግዛት መካከል የሚያልፍ ወንዝ ነበር። ውቤ በባሕር በኩል ጠመንጃ ያስመጣ ነበር፤ ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐርም በእርሱ አገር ተቀምጦ የሰሜንን ዕፀዋት እየሰበሰበ ወደ ኤውሮፓ ይልክ ነበር።

በ1834 ዓ.ም. ውቤ ከራስ አሊ ጋር በደብረ ታቦር ተዋጋ። ራስ አሊ ሸሹ፤ ድሉ የውቤ ሆነ። ነገር ግን የውቤ ሰዎች ድላቸውን በደስታ ሲያከብሩ ከራስ አሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሶ ውቤን ራሱን ማረከው። በኋላ ተለቅቆ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ውቤ በጃናሞራ በደረስጌ ታላቅ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ሐሳቡም በዚያ ዘውድ ለመጫን እንደ ነበረ ይነገራል። ይሁን እንጂ የቋራው ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ሌሎቹን መሳፍንት ተራ በተራ ካሸነፉ በኋላ ወደ ሰሜን ወጡ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ሆነ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ውቤ ተማረከ። ከሁለት ቀን በኋላ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በዚያችው ውቤ ባሠራት ቤተ ክርስቲያን ካሳን ቀብተው፥ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ ጫኑ። አንዱ ለራሱ ያዘጋጀውን ዘውድ ሌላው ደፋው።

ታሪክን የሚያጠና ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ውቤ ያን ያህል ገደልና አምባ ሳለው በአንድ ቀን የወደቀው ስለ ምንድር ነው? ገደሉ ያን ዕለትም በሥፍራው ነበረ። ነገር ግን ገደል አይዋጋም፤ የሚዋጋው ሰው ነው።

የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ የአፄ ቴዎድሮስ ሚስትና የልዑል ዓለማየሁ እናት ሆነች። የውቤ ወንድም ልጅ የሆነው የብጡል ልጅ ጣይቱ ደግሞ የአፄ ምኒልክ እቴጌ ሆና ዓድዋ ዘመተች። ስለዚህ የሰሜን ደም በተራራው ውስጥ ታጥሮ አልቀረም።

6ኛ. ወልከፊት

ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ተከዜ እንደገና የጦር መስመር ሆነ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ከዚህ ወገን ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና የኢጣልያን ጦር መትቶ መልሷል። በኋላ ግን ጠላት በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን በርትቶ ጎንደርን ያዘ።

ኢጣልያኖች ከአስመራ ወደ ጎንደር በላማልሞ ገደል ላይ የመኪና መንገድ ቀደዱ። መንገዱ የብዙ ሰው ድካም የፈሰሰበት ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ የሚያየውን ሁሉ ያስገርማል። በ1933 ዓ.ም. ኢጣልያ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ድል ስትሆን፥ ጄኔራል ናዚ ጎንደርን ይዞ ቀረ። የጎንደርም በር የሆነው ከገደሉ አናት ላይ ያለው ወልከፊት በኮሎኔል ጎኔላ የሚመራ ጦር ተመሸገበት። ከታች ለሚመጣ ጦር ወልከፊትን በግንባር መውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ነገር ግን አርበኞችና የእንግሊዝ ወታደሮች ለወራት ከበው፥ ከጎንደር ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ቆርጠው፥ ስንቅ ከለከሉት። በመጨረሻም በመስከረም ወር 1934 ዓ.ም. ሦስት ሺህ ገደማ የሚሆነው ጦር እጁን ሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ፥ ኅዳር 18 ቀን፥ ጎንደርም ነፃ ወጣች።

ወልከፊትም ያስተማረን ደረስጌ ያስተማረንን ነው። ከፊት ያለው ገደል ምንም ያህል ቢረዝም፥ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ጠላት ከሆነ ምሽጉ እስር ቤት ይሆናል።

7ኛ. በእኛ ዘመን

ከነፃነት በኋላ አገሩ ቤጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ተባለ፤ በደርግ ዘመን የጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ክልሎች ሲዋቀሩ ደጋው በአማራ ክልል ሲሆን፥ በተራራው ግርጌ ካለው ቆላ ከፊሉ በትግራይ ክልል ተካለለ። በተራራው ግርጌ ጠለምት የሚባል ወረዳ በአንዱ ክልል፥ ጸለምቲ የሚባል ወረዳ በሌላው ክልል ነበረ። አንዱ ጥንታዊ ስም በሁለት አጻጻፍ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ክርክር ሆኗል። እኛ ተማሪዎች ስለሆንን በክርክሩ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣንም፤ ስሙ ግን አንድ መሆኑን ከማስታወስ አንቆጠብም።

በ1962 ዓ.ም. የሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ታወጀ። በ1970 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው አሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ሰሜን፥ አንዱም ላሊበላ ነበር። ነገር ግን በደርግ ዘመን በነበረው ጦርነት ፓርኩ ለዓመታት በቂ ጠባቂ አጣ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዝርዝሩ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለዚህም ሲባል በፓርኩ መካከል በግጭ ይኖሩ የነበሩ አራት መቶ ያህል አባወራዎች አገራቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያው ሣር እንዲያገኝ ሰው ቤቱን ለቀቀ። ስለ ዋልያ ስንጽፍ እነዚህን ሰዎች ሳናነሣ ብናልፍ ግማሹን እውነት ብቻ መጻፍ ይሆንብናል።

ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ጦርነት በዚሁ በጥንቱ መንገድ መጣ። ከተከዜ በኩል ተነሥቶ አዲ አርቃይንና ዛሪማን አልፎ እስከ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደረሰ፤ በጭና በርካታ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በዚህ ጦርነት ከተከዜ ማዶም፥ ከተከዜ ወዲህም ብዙ እናቶች አለቀሱ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልላችን ሌላ ጦርነት ተነሣ። እንግዳ በሚያስተናግዱት፥ በቅሎ በሚያከራዩትና መንገድ በሚመሩት የደባርቅ ወጣቶች ላይ ችግር ወደቀ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ተራራ ድንበር ነውን?

ከላይ እንዳየነው የአክሱም ንጉሥ ሰሜንን የአገር ዳርቻ አደረገው፤ አፄ ገላውዴዎስ ግን የጦሩ መሰብሰቢያ አደረገው። ጌዴዎን ምሽጉ ነው አለ፤ የእርሱ ወገኖች ግን ወርደው ለጎንደር ግንብ ሠሩ ይባላል። ውቤ ከተራራው በሁለቱም ወገን ገዛ። ኢጣልያ ቅጥር አደረገችው፤ በቅጥሩም ውስጥ ተራበች። ተራራው በዚህ ሁሉ ዘመን ከሥፍራው አልተነቃነቀም። የተነቃነቀው ድንበሩ ነው። ስለዚህ ድንበሩን የሚሠራው ሰው ነው እንጂ ተራራው አይደለም ብለን እናምናለን። ሰው የሠራውንም ሰው ሊያስተካክለው ይችላል።

ይህን ስንል ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ከእኛ ጋር ኳስ ይጫወት የነበረው ልጅ አንድ ቀን፥ «እናንተ ተራራ ስትሉ ደስ ይላችኋል፤ እኔ ግን ተራራ ሲሉኝ የሸሸንበት ሌሊት ነው የሚመጣብኝ» ብሎናል። ለእርሱ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። ነገር ግን የጓደኛችን አያት በላማልሞ አፋፍ የነገሩን ቃል ለእርሱም ለእኛም የሚሆን ይመስለናል። የወሬ ቀን አልፎ የገበያ ቀን እንዲመለስ፥ ገብስ ወደ ታች፥ ማሽላም ወደ ላይ በሰላም እንዲሄድ መሥራት የእኛ ትውልድ ዕዳ ነው።

በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችን መምህር፥ ሐኪም፥ መሐንዲስ ወይም የአገር አስተዳዳሪ የሚሆን ይኖራል። ለሁላችንም አንድ ነገር እንመኛለን፤ በሥራ ዘመናችን የአገራችንን ካርታ በፊታችን ዘርግተን እርሳስ ስናነሣ፥ በዚያ መሥመር ላይ ሰው መኖሩን እንዳንረሳ። ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት ለሚማሩ ታናናሾቻችንም፥ በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ከአልፕስ ሥዕል አጠገብ የሰሜን ተራራዎች ሥዕል እንዲሰቀልላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።

እግዚአብሔር ለተራራው በሁለቱም ወገን ለሚኖሩት ሰላም ይስጥ።